ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ በሕግ እንዴት ይገዛል?

ሽጉጥ መግዛት ሲታሰብ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሱቁ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሱቁ የሚመጣው መሃል ላይ ነው። ከእሱ በፊት ሥልጠና፣ አሻራና ፈቃድ አለ። ከእሱ በኋላ ደግሞ የቤትና የመኪና ሕግ አለ። የአሜሪካ ዜግነት ያልያዘ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። በጦር መሣሪያ ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ ከሀገር ሊባረር ይችላል። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ለምትኖሩ ወገኖች ይህን ስጽፍ ዋናው ስጋቴ ይኸው ነው።

መጀመሪያ፦ መግዛት ይፈቀድልዎታል?

ለሽጉጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣን ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል። የኢሚግሬሽን ጉዳይዎ ገና ካላለቀ ምንም ነገር ሳይጀምሩ ጠበቃ ያማክሩ።

በከባድ ወንጀል የተፈረደበት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኛ የተባለ ወይም ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ያወጣበት ሰው አይፈቀድለትም። ከዓመታት በፊት በባልና ሚስት ጠብ የተነሳ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ካለ፣ እንዴት እንደተዘጋ ወረቀቱን አውጥተው ይዩት። «ያኔ አልቋል» ማለት ብቻ አይበቃም።

ሌላው ብዙዎች የማያስቡት ነገር ጫትና ማሪዋና ነው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ማሪዋና ፈቅዳለች። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው 4473 የተባለ ቅጽ ግን የፌዴራል ነው። ቅጹ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስቴቱ ማሪዋናን መፍቀዱ መልሱን እንደማይለውጠውም እዚያው ላይ ተጽፏል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች አንዱ ነው። ቅጹ ላይ መዋሸት በራሱ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፦ ፈቃዱን ማውጣት

ሜሪላንድ በ2013 ባወጣችው ሕግ መሠረት ሽጉጥ ለመግዛት አስቀድሞ «ኤች ኪው ኤል» የሚባል ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። ይህ ሕግ ፍርድ ቤት ደርሶ ብዙ ተከራክረውበታል። በነሐሴ 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አጽንቶታል፣ በጥር 2025 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ብሏል። ስለዚህ «ይቀራል» የሚል ወሬ ሰምተው አይጠብቁ።

ለፈቃዱ ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥልጠና ይወስዳሉ። ስለ ሕጉና ስለ ደኅንነት ይማራሉ፣ ተኩሰውም ያሳያሉ። አሠልጣኙ በስቴት ፖሊስ የታወቀ መሆኑን ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ያረጋግጡ። ቀጥሎ በዲጂታል መንገድ አሻራ ይሰጣሉ። ከዚያ ማመልከቻውን በሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ድረ ገጽ ሞልተው 50 ዶላር ይከፍላሉ። የሥልጠናውና የአሻራው ክፍያ ለብቻው ነው። ፖሊስ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ፈቃዱ ለ10 ዓመት ያገለግላል።

ሦስተኛ፦ ግዢው

ፈቃዱን ይዘው ወደ ተመዘገበ ሻጭ ይሄዳሉ። 77አር የሚባለውን የስቴት ማመልከቻ ይሞላሉ፣ ክፍያው 10 ዶላር ነው። ከዚያ 7 ቀን መጠበቅ አለ፤ ሽጉጡ በዚያው ቀን በእጅዎ አይገባም። በ30 ቀን ውስጥ የሚፈቀደውም በመደበኛው አንድ ብቻ ነው። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ ሜሪላንድ ውስጥ መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት። የአክስት ልጅ ወይም ጓደኛ «እንግሊዝኛ አይሆንልኝም፣ በስምህ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ» ሊል ይችላል። ይሉኝታ ይዞዎት እሺ እንዳይሉ። ቅጹ እውነተኛው ገዢ እርስዎ መሆንዎን አስፈርሞ ይጠይቃል። ተቀባዩ በሕግ የተከለከለ ሰው ከሆነ ደግሞ በ2022 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 15 ዓመት እስር ያስቀጣል። ዘመድን መርዳት ከፈለጉ አብረውት ሥልጠናው ድረስ ይሂዱ፣ ቅጹን ያስተርጉሙለት። መግዛት ያለበት ግን ራሱ ነው።

አራተኛ፦ ቤት ውስጥ

ሽጉጡ ከመምጣቱ በፊት የሚቆለፍ ካዝና ይግዙ። በመጋቢት 2018 ግሬት ሚልስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የ17 ዓመት ተማሪ በአባቱ ሽጉጥ የ16 ዓመቷን ጄይሊን ዊሊን ገደለ። የያኔው የሜሪላንድ የመሣሪያ አቀማመጥ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ብቻ ነበር የሚመለከተው። በስሟ የተሰየመውና ከጥቅምት 2023 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው፣ ማንም ባይጎዳ እንኳ፣ ያስቀጣል። ፍራሽ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ሻንጣ ውስጥ መደበቅ ማስቀመጥ አይደለም። ልጆች የቤታቸውን ጥግ ሁሉ ያውቁታል።

አምስተኛ፦ መኪና ውስጥ

የግዢ ፈቃድ የመያዝ ፈቃድ አይደለም። ኤች ኪው ኤል ብቻ ያለው ሰው ሽጉጡን ከሱቅ ወደ ቤት ወይም ከቤት ወደ ተኩስ መለማመጃ ቦታ የሚወስደው ጥይቱን አውጥቶ፣ በተዘጋ መያዣ ውስጥ አድርጎ ነው። ታጥቆ ለመንቀሳቀስ ሌላ ፈቃድ አለ። እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የ16 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ፈቃዱ ቢኖርም እንደ ትምህርት ቤት ባሉ ቦታዎች መያዝ አይቻልም።

ኡበርና ታክሲ ለምትሠሩ ደግሞ፦ ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትነዱ ኢስተርን አቬኑ ላይ ሜሪላንድ ታበቃለች። ከዚያ ወዲያ ዲሲ ነው። የሜሪላንድ ፈቃድ እዚያ አይሠራም፤ ዲሲ የራሷን ምዝገባና የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች። ተሳፋሪው መድረሻውን ሲመርጥ እናንተ መንገዱን አትመርጡም። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ሽጉጥ መኪና ውስጥ አይኑር።

ሽጉጡ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ፣ ባወቁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያሳውቁ። ይህም በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው። የመለያ ቁጥሩን ከካዝናው ውጭ ሌላ ቦታ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።