እንግሊዛዊት አያቴን ከፒያሳ ሆኜ እንዴት ቆጠርኳት

በወንዱ አያቴ በኩል ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። መንዝ ድረስ፣ ሳልደናቀፍ። ልጆች ሳለን እንደ ዳዊት ነው ያስጠኑን። በሴቷ አያቴ በኩል ግን የማውቀው አንድ ቃል ነበር፦ ስሚዝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ታይፒስት ሆና አዲስ አበባ መጣች፣ አገባች፣ ዶሮ ማነቂያ ጓሮ ጎመን እየተከለች አረጀች። ስለ ቤተሰቧ አታወራም ነበር። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት ቅድስት ሥላሴ አርፋለች፣ ታሪኳም ተጽፏል። የኔዋን ግን ከኔ ሌላ ማን ይፈልጋታል?

ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃ ስናወጣ የቆርቆሮ ሣጥኗ ተገኘ። እናንተም ከሣጥን ጀምሩ፣ ኢንተርኔቱ ይደርሳል። መታወቂያ፣ ደብዳቤ፣ የፎቶ ጀርባ፣ ሁሉንም አገላብጡ። እኔ አንድ ፎቶ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም አገኘሁ፦ በርንሊ። ላንክሻየር ውስጥ ያለች የጥጥ ከተማ ናት።

ከዚያ ጉድ ሆንኩ። የቀበሌ መታወቂያዋ የተወለደችው በ1908 ነው ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የእንግሊዝን የ1908 የልደት ማውጫ ሳገላብጥ ከረምኩ። ለካ ጸሐፊው ወደኛ ዘመን መልሶት ኖሯል! እዚህ አገር በተጻፈ ወረቀት ላይ ላለ ዓመት 7 ወይም 8 ጨምሩ። ወሩን ካላወቃችሁ ሁለቱንም ሞክሩ። አያቴ በ1916 ተገኘች። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

እንግሊዝና ዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመሩት ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ማውጫውን ፍሪ ቢኤምዲ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታያላችሁ። የተደረደረው በየሦስት ወሩ ነው። ልደት ለማስመዝገብ 42 ቀን ስለሚሰጥ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የተወለደች ልጅ ከኤፕሪል እስከ ጁን ባለው ውስጥ ልትገኝ ትችላለች። አጣኋት ብላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ዋናው ነገር ስም ነው። እኛ ጋ ሴት ብታገባም ባታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትሞታለች። እዚያ ያገባች ዕለት የባሏ ስም ይውጣታል። ደግሞ ስሚዝ የአባቷ ስም አይደለም፣ የቤቱ ሁሉ ስም ነው። አክስቴ ይሄን እስክትረዳ ሦስት ቡና ጠጥተናል። "ታዲያ ስሚዝ ራሱ የማን ልጅ ነው?" ትለኛለች።

ስለዚህ የምትይዙት ክር እናትየዋ ከማግባቷ በፊት የነበራት የቤተሰብ ስም ነው። ከ1911 ሦስተኛው ሩብ ጀምሮ የልደት ማውጫው ላይ አብሮ ተጽፏል። የእንግሊዝ የመንግሥት መዝገብ ቤት የራሱ የኢንተርኔት ማውጫ ደግሞ እስከ 1837 ወደ ኋላ ሄዶ ያሳያችኋል። በዚያ ስም የወላጆቿን ጋብቻ ፈልጉ። የጋብቻው ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ይነግራችኋል። ከዚያ የእናትየዋ ልደት፣ ከዚያ የአያትየዋ ጋብቻ፣ እንዲህ እያላችሁ መውረድ ነው። የእናቶች ስም በጋብቻ መዝገብ ላይ መጻፍ የጀመረው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ2021። ትናንት!

ማውጫ ማየት ነጻ ነው፣ የወረቀቱ ቅጂ ግን በፓውንድ ይከፈላል። ቴሌብር እዚያ አይሠራም። ለንደን ያለች የአጎቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ። የመጀመሪያው ወረቀት የሌላ ስሚዝ ሆኖ ቀረ፤ ገንዘቡ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የእናትየዋ ስም ሳይገጥም አትክፈሉ።

ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ ነው። በየአሥር ዓመቱ ነው፣ ከ1841 ጀምሮ የሰው ስም አለው። የ1841ዱን ዕድሜ አትመኑ፤ የአዋቂውን ወደ ታች ወደ አምስት ቤት አጠጋግተውታል፣ የ34 ዓመት ሰው 30 ይባላል። ከ1851 ወዲህ የትውልድ ቦታም አለው። የ1931ዱ በእሳት ጋይቷል፣ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም። ክፍተቱን በ1939 የተደረገው ምዝገባ ይሞላዋል።

እኔን ያስለቀሰኝ የ1911ዱ ነው። ቅጹን የሞላው የቤቱ አባወራ ራሱ ስለሆነ፣ የቅድመ አያቴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ። ያገባች ሴት ስንት ወለደች፣ ስንቱ አለ፣ ስንቱ ሞተ ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ሰባት፣ አራት፣ ሦስት ይላል። አያቴ ገና አልተወለደችም። ሦስት ወንድምና እህት ከሷ በፊት መቀበራቸውን አክስቴ ሰምታ አታውቅም። የሚስትየዋ ሥራ፦ የጥጥ ሸማኔ። በዚያ ዘመን የብዙ ባለትዳር ሴቶች የሥራ ቦታ ባዶ ነው፣ ላንክሻየር ግን ሴቶቹ አግብተውም ፋብሪካ ይገቡ ነበር።

ከ1837 በፊት ያለው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ከ1538 ጀምሮ እንዲጻፍ ታዟል፣ የጠፋው ግን ብዙ ነው። ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ፈልጉ። እዚያም የዘመን ጣጣ አለ። እስከ 1751 ድረስ እንግሊዞች ዓመት የሚቀይሩት በብሥራት ቀን፣ ማርች 25 ነበር። መዝገቡ ፌብሩዋሪ 1730 ካለ፣ ዛሬ 1731 የምንለው ነው። በመስከረም ዘመን ለምንቀይር ለኛ ይሄ ብርቅ አይደለም።

እስካሁን አምስት ቤት ደርሻለሁ። ለአክስቴ ላነብላት ሄድኩ። ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ ሴት አያትሽ ደግሞ ሸማኔ ነበረች አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠች። ሰውን በሙያው መስደብ እኮ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ በአዋጅ ክልክል ነው ብዬ ጨመርኩላት።

"እሱስ ልክ ነሽ" አለችኝ፤ "ግን ለመንዞቹ እንዳትነግሪያቸው።"