የዓሣ ገንዳ ውሃ ጤናማ ሆኖ እንዲቆይ ምን ማድረግ አለብን?

የመጀመሪያዎቹን ዓሦቼን የገደልኳቸው በጽዳት ነው። የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ቤቱ ሁሉ ሲወለወል አኳሪየሙ ለምን ይቀራል ብዬ ዓሦቹን ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ጠጠሩን አጠብኩ። የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ስር ፈትጌ ፈትጌ አነጣሁት። ከዚያ ገንዳውን እስከ አፉ አዲስ ውሃ ሞላሁበት። እንግዶች "ሲያምር!" አሉ። በሦስተኛው ቀን ከአራቱ ሁለቱን ተንሳፍፈው አገኘኋቸው።

ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዓሣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ከስንጥቡ (ከሚተነፍስበት አካል) እና ከኩሱ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም ይኸው መርዝ ይጨምራል። በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይሩታል። እሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬትን ዓሣው በጣም እስካልበዛ ድረስ ይችለዋል። ያ ስፖንጁ ላይ ያየሁት ቡናማ ዝቃጭ ለካ የገንዳው ሠራተኛ ነበር። እኔ ደግሞ በቧንቧ ክሎሪን ፈጀሁት።

1. ዓሣ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዳውን አስነሱ

ውሃ ሙሉ፣ ፊልተሩን አብሩ፣ ከዚያ ጠብቁ። ባክቴሪያዎቹ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። በየቀኑ ቆንጠር አድርጋችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉበት፤ ሲበሰብስ የባክቴሪያዎቹ ቀለብ ይሆናል። ጤነኛ ገንዳ ያለው ጓደኛ ካላችሁ የተጠቀመበትን ስፖንጅ ቆርጦ ይስጣችሁ። እርጥብ እንደሆነ ፊልተራችሁ ውስጥ ክተቱት፣ ብዙ ቀን ያተርፍላችኋል። በመመርመሪያ ጠብታ ስትለኩ አሞኒያውም ናይትራይቱም 0 ከሆነ ገንዳው ደርሷል። ያኔም ቢሆን ሁለት ሦስት ዓሣ ብቻ አስገቡ፣ ሌላውን ቀስ እያላችሁ ትጨምራላችሁ። ሻጩ "ዛሬውኑ ይግቡ፣ ምንም አይሆኑም" ማለቱ አይቀርም። አትስሙት።

2. የቧንቧ ውሃ እንደወረደ አይገባም

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንዴ በረኪና በረኪና ይሸታል። ክሎሪኑ ነው። የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። መላው ቀላል ነው፦ አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳትከድኑ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት። በአየር ፓምፕ ካናወጣችሁት ቶሎ ይለቃል። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ማስቀመጥ ግን ዋጋ የለውም፣ ጋዙ መውጫ ያጣል። ሮቶ ላይም ብዙ አትመኩ። ባልዲው ደግሞ ሳሙናና ኦሞ ነክቶት የማያውቅ፣ ለዓሣ ብቻ የተለየ ይሁን።

ይህ ዘዴ ሁሉም አገር አይሠራም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የእናንተ ውሃ ዓመቱን አብዛኛውን የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው በሚፈጥሩት ነገር) ነው። እሱ በማቆየት አይለቅም፣ ማርከሻ ጠብታ መግዛት የግድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ደግሞ ፒኤቹን፣ ማለትም ውሃው ምን ያህል አሲድ ወይም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) እንደሆነ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ለኩ። እዚያ አካባቢ አልካላይነቱ ከፍ ያለ ውሃ ብዙ ነው፤ ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ያው አንድ ዓይነት መጠን ያለው አሞኒያ ይበልጥ ገዳይ ይሆናል።

3. በየሳምንቱ ሩቡን ብቻ ቀይሩ

መጀመሪያ ገንዳችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ እወቁ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 60 በ30 በ35 የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ነው። ከዚህ ላይ በሳምንት 15 ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ ባልዲ፣ መቀየር ይበቃል።

ፊልተሩንና ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ። ባልዲውን ከገንዳው ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና ውሃውን በቀጭን ጎማ ሳቡ። የጎማውን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ ሰካ ነቀል አድርጉት፤ ኩሱና የተረፈው ምግብ የተቀበረው እዚያ ነው። አዲሱን ውሃ ከማፍሰሳችሁ በፊት እጃችሁን አንዴ ገንዳው አንዴ ባልዲው ውስጥ ከትታችሁ ሙቀቱን አወዳድሩ። ከቀዘቀዘ ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሩበትና ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። የወጣውን ውሃ አትድፉት። ናይትሬት ማዳበሪያ ነው፣ አበባችሁ ያመሰግናችኋል።

ስፖንጁ የሚታጠበው ውሃው መፍሰስ ሲያቅተው ነው። ለብዙ ሰው በወር አንዴ ይሆናል። ያውም ቧንቧ ስር ሳይሆን አሁን ከገንዳው ባወጣችሁት ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጎ መመለስ ነው። ቢያስቀይምም ቡናማ እንደሆነ ይቅር።

4. ምግብ ላይ ጨከን በሉ

በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይጨርሱት ምግብ በዝቷል ማለት ነው። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ዳቦና እንጀራ የሚፈረፍሩ ልጆችን በጊዜ ተው በሏቸው።

5. አየሩ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ይቀንሳል። የዓሣ መጽሐፎች "ለ60 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" ሲሉ ይህን አያስቡም፣ እኔ ሁልጊዜ ከሚሉት ቀነስ አደርጋለሁ። የፊልተሩ ውሃ ከላይ ሲወርድ የገንዳውን ገጽ ማናወጥ አለበት።

መብራት ሲጠፋ አትመግቡ። በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። ፊልተሩ ዝግ ዓይነት ከሆነና መብራቱ ጠፍቶ ለሰዓታት ከቆየ ስፖንጁን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፉት። ታፍኖ ከዋለ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መብራት ሲመጣም ፊልተሩ የከረፋውን ውሃ ዓሦቹ ላይ ይተፋባቸዋል።

ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚሻሙ ከሆነ ምክንያቱን በኋላ ታጣራላችሁ፣ በቅድሚያ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ግማሹን ቀይሩ። ለዚህም ነው እኔ ቤት አንድ ባልዲ ውሃ ሁሌም ሳይከደን ጥግ ላይ የሚቀመጠው።