የኒውትሮንን ግኝት ሲያስረዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኒውትሮን በአቶም እምብርት (ኑክሌየስ) ውስጥ የሚገኝ፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ቅንጣት ነው። «ጄምስ ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውትሮንን አገኘ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ግኝቱ የቆመበትን ሙከራ አያሳይም፤ ክፍተቱን ለመሙላት ሲሞከርም ተመሳሳይ ስህተቶች ይደጋገማሉ።

የመጀመሪያው ታሪኩን ከቻድዊክ መጀመር ነው። ጀርመናውያኑ ቫልተር ቦቴና ኸርበርት ቤከር በ1930 ቤሪሊየም የተባለውን ቀላል ብረት ከሬዲዮአክቲቩ ፖሎኒየም በሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች (የሂሊየም ኑክሌየሶች) ሲመቱ፣ እርሳስን እንኳ ዘልቆ የሚያልፍ ጨረር አግኝተው ጋማ (እንደ ብርሃን ያለ፣ ግን እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ጨረር) ነው ብለው ነበር።

ሁለተኛውና በእኔ አመለካከት የከፋው፣ የፓሪሶቹን የኢሬን ኩሪንና የፍሬዴሪክ ዦሊዮን ሙከራ ከሽፏል ብሎ ማለፍ ነው። በጥር 1932 ጨረሩ ከፓራፊን ሰም ውስጥ ፈጣን ፕሮቶኖችን (የሃይድሮጅን ኑክሌየሶችን) አፈናጥሮ እንደሚያስወጣ ያሳዩት እነርሱ ናቸው። ልኬታቸው ትክክል ነበር፤ የሳቱት ትርጓሜውን ነው። ጨረሩ ጋማ ቢሆን ኖሮ ፕሮቶኖቹን እንዲህ ለማፈናጠር 50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ) ያህል ጉልበት ያስፈልገው ነበር፤ አልፋና ቤሪሊየም ተዋህደው ሊሰጡ የሚችሉት ግን ከ14 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም።

ሦስተኛው የፓራፊኑን ሙከራ ብቻውን እንደ በቂ ማስረጃ መቁጠር ነው። የቅንጣቱ ፍጥነትም መጠነ ቁስም ስላልታወቀ አንድ ልኬት አይበቃም። በካምብሪጅ ካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ቻድዊክ ሃይድሮጅንን ከናይትሮጅን ጋር አነጻጸረ፤ የፕሮቶኑ ከፍተኛ ፍጥነት በሴኮንድ 33,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባልደረባው ኖርማን ፌዘር የለካው የናይትሮጅን ፍጥነት ደግሞ 4,700 ገደማ ነበር። ጥምርታው 7 ያህል ነው። የቅንጣቱን መጠነ ቁስ «መ» ብንለው፣ የሃይድሮጅን መጠነ ቁስ 1፣ የናይትሮጅን ደግሞ 14 ስለሆነ፣ በግጭት ሕግ መሠረት (መ + 14) ÷ (መ + 1) = 7 ስለሚሆን፣ «መ» ከ1 በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል፤ ማለትም ከፕሮቶን ጋር ይቀራረባል። በጋማው መላምት ግን ያው አንድ ጨረር ለፕሮቶን 50፣ ለናይትሮጅን 90 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ይህ ደግሞ እርስ በርሱ ይጋጫል።

ቻድዊክ ኒውትሮንን «አየ» ማለትም አይገባም፤ ሙል የሌለው ቅንጣት በራሱ አየርን አዮን ስለማያደርግ (ከአየሩ አቶሞች ኤሌክትሮን ስለማያወጣ) መሣሪያው የመዘገበው የተመቱትን ኑክሌየሶች ነው።

የመጨረሻው የዛሬውን ዕውቀት ወደ 1932 መውሰድ ነው። ቻድዊክ፣ ራዘርፎርድ በ1920 እንደገመተው፣ ኒውትሮን የተጣበቁ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ነው ወደሚለው ሐሳብ ያደላ ነበር። ይህ ሐሳብ የተዳከመው እርሱና ሞሪስ ጎልድሃበር ከ1934 ጀምሮ ዲውተሪየምን (ኑክሌየሱ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን የያዘውን ከባድ ሃይድሮጅን) በጋማ ጨረር ሰንጥቀው፣ ኒውትሮን ከሃይድሮጅን አቶም እንደሚከብድ ሲያሳዩ ነው፤ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጥምር ቢሆን ኖሮ፣ ሲጣበቁ ጉልበት ስለሚለቁ፣ ይቀልል ነበርና።