ጤና አዳሙ ቢጫ ሲሆን ውኃ አትጨምሩበት

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጓሮዬ ውስጥ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ አሪቲና ናና አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ተክል የታመመበት ሰው እኔን ይጠራል። ከአሥር ጥሪ ሰባት ስምንቱ ያው አንድ ችግር ነው። እሱን በሰፊው እጽፋለሁ፣ ሌላውን ባጭሩ። ፀሐይ ስለማስመታትና አረም ስለመንቀል ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ጤና አዳሙ ቢጫ ሆኗል፣ ግንዱ ከሥር ጠቁሯል

መንስኤው የውኃ መብዛት ነው። ተክሉ ጠምቶት ሳይሆን ታፍኖ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውኃ ሲቋጥር አየሩ ይወጣና ሥሩ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ባለቤቱ መጠውለጉን ሲያይ ጠማው ብሎ ይጨምርበታል። ስንቱ ጤና አዳም እንዲህ ሲሞት አየሁ!

አንድ ቀን አንዲት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዓይን ገባበት መሰለኝ» አሉኝ። ጤና አዳሙ በቀለም ባልዲ ተተክሎ ቡና የሚያፈሉበት ቦታ አጠገብ ተቀምጧል። ቡናው በተፈላ ቁጥር የስኒው እጣቢ እዚያ ይደፋል። የአቦሉ፣ የቶናው፣ የበረካው። ባልዲውን ሳዘነብለው አንድ ጣሳ የሚሞላ ጥቁር ውኃ ወጣ። ሽታው የቦይ ሽታ ነው። ገልብጬ ሳየው ባልዲው አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም። «ዓይን አይደለም እማማ፣ እጣቢው ነው» አልኳቸው። ለመትከል የሚሆን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተረፈልን። ዛሬ ከእሱ የበቀለው ወገባቸው ድረስ ደርሷል።

እንዴት ትለያላችሁ? የተጠማ ተክል ቅጠሉ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ዕቃው ሲያነሡት ይቀላል። የታፈነው ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ዕቃው ይከብዳል፣ ትንንሽ ዝንቦች ይዞሩበታል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ውኃ የሚባል ነገር አትንኩ። ላዩ ደረቅ መሆኑ አያታላችሁ፤ ላዩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል።

መፍትሄው ይኸው ነው። ተክሉን ከነአፈሩ አውጡት። ደህናው ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ይወጣና ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡት። ከላይም ቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ቀንሱለት፤ የቀረው ሥር ያንን ሁሉ ቅጠል መመገብ አይችልም። ከዚያ በአዲስ አፈር ተክላችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። አንድ ጊዜ በትንሹ አጠጡና አፈሩ እስኪደርቅ ጠብቁ።

አፈሩ የኛ አገር ዋና ጣጣ ነው። ይሄ ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ ውኃ ሲይዝ አይለቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ለጤና አዳም ብቻውን አይሆንም። እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ ነው። ትኩስ እበት አትጨምሩ፣ ሥር ያቃጥላል። ጓሮ ውስጥ የምትተክሉ ከሆነ መደቡን ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አድርጉት። የኢነዋሪ ገበሬ እኮ ስንዴው እንዳይታፈንበት ጥቁር አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደብ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ዕቃው ደግሞ ልናገር፣ ያናድደኛል። ገበያ ላይ አበባ የተሳለበት የሚያምር ማሰሮ ይሸጣል፣ ቀዳዳ ግን የለውም። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ የተክል ዕቃ አይደለም! የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ጀሪካን ከሆነ ምስማር በእሳት አግሉና ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት፤ ቀዳዳው የትንሽ ጣት ውፍረት ይኑረው። ቀለም የነበረበትን ባልዲ ግን ለምትቀምሱት ነገር ባትጠቀሙ ይሻላል። «ከሥሩ ጠጠር አደረግሁበት» የሚሉኝም ብዙ ናቸው። ጠጠር ቀዳዳን አይተካም። ውኃው ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውስጥ ይቋጠርና ሥሩን እዚያው ያበሰብሰዋል። ከዕቃው ሥር የምታደርጉትን ሳህን ካጠጣችሁ በኋላ ድፉት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዕቃውን ጠፈጠፍ ከሚወርድበት አንሡት። አንድ ክረምት እኔም በዚህ ምክንያት ሦስት ጤና አዳም አጥቻለሁ። እናቴ ከሰጠችኝ ቅርንጫፍ የመጡ ነበሩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሥሩ ሁሉ ከበሰበሰ ቅርንጫፉን አድኑ። ጠንከር ካለው ክፍል ስንዝር የማይሞላ ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል ሸልቅቁ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከወር እስከ ወር ተኩል ጠብቁት። በየቀኑ እየነቀላችሁ ሥር አወጣ አላወጣ አትበሉ።

ችግኙ በተገዛ በሳምንቱ ደረቀ

ሥር አልነበረውም። አንዳንድ ሻጮች ቅርንጫፍ ቆርጠው ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ይሰኩና ችግኝ ነው ብለው ይሸጣሉ። ስትገዙ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። እሺ ብሎ ከወጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ዳማከሴው በአንድ ሌሊት ጠቆረ

ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ጸጥ ያለበት ማታ ካያችሁ ዳማከሴውን አልብሱት። አሮጌ አንሶላ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል። እንጨት አቁማችሁ ከላይ ጣል አድርጉት፣ ጠዋት ግለጡት። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ግን የነካበት ቦታ አብሮ ይመታል። ዕቃ ውስጥ ያለውን ወደ ድንጋይ ግድግዳ አስጠጉት፤ ቀን የሞቀው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ይሰጠዋል።

የተመታውን ቶሎ አትግረዙ። የጠቆረው ቅጠል ለታችኛው ልብስ ነው። የካቲት ላይ ቁረጡት፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ከሸዋ ሮቢት በሶብላና ጠጅ ሣር ይዛችሁ የምትመጡ፣ 1,500 ሜትር ያህል ሽቅብ እንደወጣችሁ አስቡ። የቆላ ተክል ነው፤ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ካልሆነ ውርጩን አይችለውም።

ጤና አዳሙ ተበልቶ ግንዱ ብቻ ቀረ

አባ ጨጓሬ የሚመስል ለስላሳ ትል ነው፤ የቢራቢሮ ልጅ። የሎሚና የብርቱካን ቅጠልም ይበላል፣ ስለዚህ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ያላችሁ በደንብ ፈትሹ። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከአናቱ ሽታ ያለው ቀይ ቀንድ ያወጣል። በእጅ ለቅማችሁ አስወግዱ።

መድኃኒት አትርጩ! አንድ ወጣት ለባቄላ የተገዛውን ፀረ ተባይ ጤና አዳሙ ላይ ነፋው። በማግሥቱ እናቱ ሳያውቁ ለቡና ሊቀነጥቡ ሲሉ ደረስኩ። ነቅለን ጣልነው። የምትጠጡት ቅጠል ነው።

ጦስኙ አልይዝ አለ

ከመንዝ ወይም ከጣርማበር ከነሥሩ ተመንግሎ የመጣ ትልቅ ቁጥቋጦ አይጸድቅም፤ መንቀሉም ሜዳውን ያራቁተዋል። መሬት ላይ ተኝቶ በራሱ ሥር ካወጣው አጭር ቁራጭ በቂ ነው። ጠጠራማ ቦታ፣ ሙሉ ፀሐይ፣ ትንሽ ውኃ ስጡት።

የደረቀው ቅጠል ሻገተ

ሳይደርቅ ታሽጎ ነው። በትንሽ በትንሹ አስራችሁ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ ስቀሉ። በእጅ ሲታሽ ኩርሽምሽም ካለ ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉት። የሻገተውን አራግፎ ማፍላት የለም፣ ጣሉት።

ተክሉ ደህና ነው፣ ሰውየው ታመመ

ጤና አዳም ስትቆርጡ ጭማቂው ቆዳችሁን ነክቶት ፀሐይ ከመታው ውኃ ቋጥሮ ያቃጥላል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ ማታ ቁረጡ፣ ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም እንደ መድኃኒት መጠጣት የለባትም፤ ማሕፀን ያኮማትራል። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ የማታውቁትን ቅጠል አትቅመሱ፤ አንድ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ይሰጣል።

ስለ ዳማከሴ አንድ ነገር። ምች ነው ብላችሁ ጨምቃችሁ መጠጣታችሁን አልቃወምም፣ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ሸዋ ሮቢት ወይም ሌላ ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ትኩሳት ከያዘው ወባ ሊሆን ይችላል። ዳማከሴው እስኪሠራ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር።