በባሕር ዳር ላሉ ድርጅቶች፦ የሃይፐርኮንቨርጅድ ክላስተርን በሦስት ሰርቨር መዘርጋት

ሃይፐርኮንቨርጅድ የሚባለው አሠራር ቨርችዋል ማሽኖችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) የሚያስኬደውን ሰርቨርና መረጃቸውን የሚይዘውን ስቶሬጅ በአንድ ላይ ያዋህዳል። የየሰርቨሩ ዲስኮች በሶፍትዌር ተያይዘው እንደ አንድ የጋራ ማከማቻ ስለሚያገለግሉ፣ ለብቻው የሚገዛ የስቶሬጅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሒሳብ፣ የደንበኛ መዝገብና የፋይል ሥራውን በሙሉ ባረጀ ሰርቨር ላይ ለጫነ የባሕር ዳር ሆቴል፣ ኮሌጅ ወይም የግል ሆስፒታል ይህ አሠራር ይስማማል። ሶፍትዌር ከመመረጡ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ አንድ ሰርቨር ከሥራ ውጭ ቢሆን፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር እስኪመጣ ድረስ የቀሩት ሙሉውን ሥራ ይሸከማሉ?

የሰርቨሮቹ ቁጥር ከሦስት ማነስ የለበትም። ክላስተሩ፣ ማለትም አብረው የሚሠሩት ሰርቨሮች ስብስብ፣ የሚወስነው በድምፅ ብልጫ ስለሆነ፣ ሰርቨሮቹ ሁለት ብቻ ሆነው በመካከላቸው ያለው ገመድ ቢቋረጥ ማንኛቸው መቀጠል እንዳለባቸው የሚለይ አይኖርም። በጀቱ ለሁለት ብቻ የሚበቃ ከሆነና ሶፍትዌሩም ከፈቀደ፣ መረጃ የማይይዝና ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ሦስተኛ አነስተኛ ኮምፒውተር ይጨመራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ስሌት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው ባለ 3.84 ቴራባይት አራት ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ቢኖራቸው ጥሬው ድምር 46.08 ቴራባይት ይሆናል። እያንዳንዱ መረጃ በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ አንዳንድ ቅጂ እንዲኖረው ስለሚደረግ የሚቀረው 15.36 ቴራባይት ነው። ሐቀኛ ሻጭ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የሚጽፈው ይህንን ቁጥር ቢሆንም፣ በተግባር የሚገኘው ከዚያም ያንሳል። ዲስኮቹን እንደ አንድ ማከማቻ ከሚያያይዙት ሶፍትዌሮች አንዱ በሆነው በሴፍ የተለመደ ቅንብር፣ አንድ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ መጻፍ ይቆማል። ከአንድ ሰርቨር አራት ዲስኮች አንዱ ቢበላሽ፣ ሌሎቹ ሁለት ሰርቨሮች የየራሳቸውን ቅጂ አስቀድመው ስለያዙ፣ የተበላሸው ዲስክ ድርሻ የሚሄደው እዚያው ሰርቨር ላይ ወደቀሩት ሦስት ዲስኮች ብቻ ነው። ስለዚህ 80 በመቶ የሞሉ አራት ዲስኮች የያዙት መረጃ በሦስት ዲስክ ውስጥ አይገባም። ሦስቱ ከ85 በመቶ እንዳያልፉ ከተፈለገ፣ በመደበኛው ጊዜ ከ63 በመቶ በላይ አለመሙላት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ 9.7 ቴራባይት ይሆናል።

ዲስኮቹ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ ገና ያልተጻፈውን መረጃ የሚያድን ካፓሲተር ያላቸው የሰርቨር ኤስኤስዲዎች ይሁኑ፤ ለላፕቶፕ የተሠሩት ርካሾች በዚህ ሥራ ላይ ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወርዳል፣ ቶሎም ያልቃሉ። ሰርቨሩ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያጣምር የሬይድ ካርድ ካለው፣ ካርዱ ዲስኮቹን ሳያጣምር በቀጥታ ለሶፍትዌሩ እንዲያቀርብ ይስተካከላል። ቢያንስ አንድ ትርፍ ዲስክም አብሮ ይገዛ፤ የዲስክ ብልሽት የውጭ ምንዛሪ ወረፋን አይጠብቅም።

የራም (የሥራ ማስታወሻ) ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር 256 ጊጋባይት ራም ቢኖረውና 24 ጊጋባይት ያህሉ ለስቶሬጁና ለሥርዓቱ ቢተው፣ ቨርችዋል ማሽኖቹ በድምሩ አንዱ ቢቆም በሚቀሩት ሁለት ሰርቨሮች ላይ ከሚገኘው 464 ጊጋባይት ማለፍ የለባቸውም።

ለስቶሬጅ የሚውለው ኔትወርክ ቢያንስ 10 ጊጋቢት ይሁን፤ በአንድ ጊጋቢት መሥራት የማይቻል ባይሆንም ዲስክ በሚተካበት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ስልክ ይደውላል። ሰርቨሮቹ ሦስት ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዱን ከሌሎቹ ሁለት ጋር በገመድ በቀጥታ ማገናኘት ስለሚቻል፣ ውድ ስዊች መግዛቱ ይቀራል። ሰርቨሮቹ ስለ ጤንነታቸው የሚነጋገሩበት መስመር ግን ከዚህ ይለይ፤ ለእርሱ አንድ ጊጋቢት ይበቃል።

በሶፍትዌር ረገድ ቪኤምዌር፣ ኑታኒክስና ማይክሮሶፍት የታወቁ ምርቶች አሏቸው። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ ለዘለቄታው የሚሠራ ፈቃድ መሸጡ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ተተክቷል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚታሰብ፣ በእኔ አስተያየት ሊኑክስ የሚያውቅ ባለሙያ ላለው የከተማችን ድርጅት ቨርችዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረውና ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሠራው ፕሮክስሞክስ ከሴፍ ጋር ይሻላል። ባለሙያው ከሌለ ግን ነፃ መሆኑ ብቻ መመረጫ ሊሆን አይገባም።

ሰርቨሮቹ የሚቀመጡበት ክፍል ሙቀት በሐይቁ ዳር ባሉ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። የብዙ ሰርቨሮች መመሪያ የሚፈቅደው ከፍተኛ የአየር ሙቀት 35 ዲግሪ ቢሆንም፣ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ ቀጭን አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድምና። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ገደቡ ወደ 32 ዲግሪ ይወርዳል። በሚያዝያ የውጭው ሙቀት ራሱ ወደ 30 ስለሚጠጋ፣ መስኮት መክፈት መፍትሔ አይሆንም፤ ትንኝና አቧራ ከማስገባት በቀር። የጀነሬተር ጉልበትም በከፍታ ምክንያት ስለሚቀንስ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው በታች ይታሰብ። ዩፒኤሱ ኃይሉን ሁልጊዜ በራሱ አጣርቶ የሚሰጥ ዓይነት ሆኖ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል መጀመሪያ ቨርችዋል ማሽኖቹን፣ ቀጥሎ ሰርቨሮቹን በሥርዓት እንዲያጠፋ ይቀናበራል።

የሰርቨሮቹ ሰዓት እርስ በርሱ መስማማት አለበት፤ ሴፍ የ0.05 ሰከንድ ልዩነት ሲያይ ማጉረምረም ይጀምራል። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ሰዓቱ እንዳይዛባ ሦስቱም ከአንድ የውስጥ ምንጭ እንዲያነቡ ይደረጋል። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሠራተኛ እንዳይኖርም የማስተካከያው ሥልጣን ይገደብ። የመጫኛና የማሻሻያ ፋይሎችም ኢንተርኔት ባለበት ጊዜ ወርደው በውስጥ ይቀመጡ።

እውነተኛው ሥራ ከመዛወሩ በፊት በሙከራ ማሽኖች ላይ የአንዱ ሰርቨር ኃይል ሆን ተብሎ ይነቀላል። በላዩ የነበሩት ማሽኖች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሌሎቹ ላይ እንደ አዲስ ይነሣሉ፤ መቋረጥ መኖሩን አስተዳደሩ ያኔውኑ ቢያየው በኋላ ቅሬታ አይመጣም። ሦስት ቅጂ መኖሩ ባክአፕን አይተካም፤ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሦስቱም ላይ እኩል ይጠፋልና። ባክአፑ ከክላስተሩ ውጭ ባለ ኮምፒውተር ላይ፣ ቢቻል በሌላ ቅርንጫፍ ሕንፃ ይቀመጥ፤ በየወሩም አንድ ማሽን ከእርሱ ላይ ተመልሶ ተነሥቶ ይፈተሽ።