ኮከቦቹ ዙሪያውን እኩል እንዲቀመጡ

ደሴ ላይ የኅትመት ሥራ የያዘ ሰው ከክብ አያመልጥም። የቅሬ (የዕድር) ማህተም ክብ ነው። የማኅበር ዓርማ ክብ ነው። የማር ዕቃ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ሳይቀር ክብ ነው። ደንበኛው ደግሞ «ዙሪያውን ኮከብ ኮከብ አርግልኝ» ይልና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ስንት ኮከብ? «እሱን አንተ ታውቃለህ» ነው መልሱ።

ብዙ ጀማሪዎች ኮከቡን ኮፒ ፔስት እያደረጉ በዓይን ግምት ይደረድራሉ። አራት ከሆነ ይሳካል። ከስምንት ሲያልፍ ግን አንዱን ሲያቃኑ ሌላው ይጣመማል። አብሽሩ፣ ዓይናችሁን ሳታደክሙ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። 360ን ለኮከቦቹ ብዛት አካፍሉ። ለ12 ኮከብ 30 ዲግሪ፣ ለ8 ደግሞ 45 ይመጣል።

እኔ የምሠራው በፎቶሾፕ ስለሆነ በእሱ ልሂድ። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ገጽ ክፈቱ፤ 2000 በ2000 ፒክሰል ይበቃል። ከቪው ሜኑ ኒው ጋይድ ገብታችሁ አንድ የቁም፣ አንድ የአግድም መስመር 50% ላይ አስቀምጡ። ሁለቱ የሚቋረጡበት ነጥብ መሃላችሁ ነው። እዚያው ቪው ሜኑ ውስጥ ስናፕ (ወደ መስመሩ ስቦ የሚያስይዘው) መብራቱን እዩ። አሁን የመጀመሪያዋን ኮከብ በራሷ ሌየር (ንብርብር)፣ ከላይ በኩል፣ ልክ የቁም መስመሩ ላይ ሥሩ።

ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ። ኮከቧ በሳጥን ትከበባለች። ሳጥኑ መሃል ላይ ትንሽዬ የመስቀል ምልክት አለች። አዳዲሶቹ ፎቶሾፖች ይቺን ምልክት ይደብቋታል፤ ከላይ ካለው አሞሌ ግራ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ቲክ ስታደርጉ ብቅ ትላለች። ምልክቷን በማውስ ጎትታችሁ ጋይዶቹ የሚቋረጡበት ላይ አሳርፏት። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ምልክቷ ኮከቧ ላይ ከቀረች ኮከቧ ባለችበት ትሽከረከራለች እንጂ ክቡን አትዞርም።

ከላይ የዲግሪው ቦታ ላይ 30 ጻፉና ኢንተር በሉ። ሁለተኛዋ ኮከብ ወጣች። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኦልት እና ቲ። በተጫናችሁ ቁጥር አንድ ኮከብ ይጨመራል፤ አሥር ጊዜ ስትጫኑ 12 ይሞላል። ኦልትን ከረሳችሁ ኮፒ አይወጣም፣ ያለችው ኮከብ ብቻ ትንፏቀቃለች። ሲያልቅ ኮንትሮልና ኤስ። ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ ደህና ዋሉ አይልም።

360ን እኩል የማይካፈል ቁጥር ሲመጣ ነጥቡን ቆርጣችሁ አትጣሉ። ለ7 ኮከብ 51.43 ጻፉ። 51 ብላችሁ ካለፋችሁ የመጨረሻው ክፍተት 54 ዲግሪ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ማህተም ላይ ይህ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ብዙ ሰው አያየውም። ከመሃል እስከ ጠርዝ 1 ሜትር የሆነ ባነር ላይ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሙሽራው ባያየው አማቱ ታየዋለች።

ሌላው ጣጣ ሙሉ ክብ በማይሆንበት ጊዜ የሚመጣው ነው። የቅሬ ማህተም ላይ ስሙ በላይኛው ቅስት ይሄዳል፣ ኮከቦቹ ከታች ይቀራሉ። 5 ኮከብ በ120 ዲግሪ ውስጥ ይግባ እንበል። እዚህ ላይ የሚካፈለው ለ5 አይደለም፣ ለ4 ነው። መዳፋችሁን ዘርግታችሁ እዩ፤ ጣቱ አምስት፣ ክፍተቱ አራት። ስለዚህ 30 ዲግሪ ነው። መካከለኛዋን ኮከብ ከታች የቁም መስመሩ ላይ አድርጉ። በ30 ሁለት ኮከብ ወደ አንድ ጎን አውጡ። ከዚያ ወደ መካከለኛዋ ሌየር ተመልሳችሁ በ-30 ሁለት ወደ ሌላው ጎን። እንዲህ ስትሠሩ ግራና ቀኙ አይዛነፍም።

ብዛቱን ከደንበኛው ጋር ከመስማማታችሁ በፊት ደግሞ ቦታው መብቃቱን አስሉ። ማህተሙ 38 ሚሊ ሜትር ሆኖ ኮከቦቹ ከመሃል 15 ሚሊ ሜትር ርቀው ቢቀመጡ፣ ዙሪያው 94 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለ12 ሲካፈል ለእያንዳንዷ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይደርሳታል፤ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ኮከብ በምቾት ትገባለች። «20 አርጋት» ካላችሁ ግን የሚደርሳት 5 እንኳ አይሞላም። ኮከቦቹ ይነካካሉ፣ ቀለም ሲጠጡ ደግሞ ጭራሽ ይጨማለቃሉ።

የግድግዳ ሰዓት ላይ የግዕዝ ቁጥር አድርጉ የሚሉም አሉ። ፮ን ከላይ፣ ፲፪ን ከታች አድርጉት፤ ቀጥር ላይ ሁለቱም ዘንጎች ወደ ላይ ያመለክታሉና የእኛው ሰዓት ይነበባል። ከመጀመራችሁ በፊት ጽሑፉን መሃል አሰልፉት፣ አለዚያ ፲፩ እና ፲፪ ሰፋ ስለሚሉ ወደ ጎን ያመልጣሉ። ቁጥሮቹን በ30 ካዞራችሁ በኋላ አንዳንዶቹ ይጋደማሉ። እያንዳንዱን በኮንትሮልና ቲ ይዛችሁ፣ የመስቀል ምልክቷን ሳትነኩ፣ የዞረበትን ያህል በተቃራኒው መልሱት። 30 የዞረውን -30፣ 60 የዞረውን -60። እኔ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ፤ የተጋደመ ፱ ለማንበብ አንገቱን የሚያጣምም የለም።

ኮረል ያላችሁ ተገላግላችኋል። ኦልትና ኤፍ 8 የማዞሪያውን ሳጥን ይከፍታል፤ መሃሉን አስተካክሉ፣ 30 ጻፉ፣ የኮፒ ብዛት 11 በሉ፣ አለቀ። ነፃ ፕሮግራም ለምትፈልጉ ኢንክስኬፕ አለ።

ለማህተም ቀራጩ ከመላካችሁ በፊት በተራ ወረቀት በ100% አትሙት። «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለው ምርጫ በርቶ እንዳይሆን፤ መጠኑን ይለውጥባችኋል። ብዛቱ ለሁለት እኩል የሚካፈል ከሆነ ማስመሪያ አንሡና ትይዩ ያሉትን ኮከቦች አገናኙ። መስመሮቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ከተቋረጡ ላኩት።