የተፋቱ ወላጆች የልጆችን ክረምት ሲካፈሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ 30 አካባቢ ልጆች ካርዳቸውን ይቀበላሉ፤ ከዚያ እስከ መስከረም ትምህርት ቤት የለም። እናት ቱሉ ዲምቱ፣ አባት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚኖሩበት ቤተሰብ ውስጥ «ማን ጋር ይዋሉ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ያጨቃጭቃል።

ሐምሌ እስኪገባ መጠበቅ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን የልጆቹን አስተዳደግና ከወላጆቻቸው ጋር የመጠያየቅ መብትንም አብሮ እንዲወስን ያዛል። ውሳኔው የሚናገረው ስለ እሑድ ብቻ ከሆነ ግን ክረምቱ ክፍት ነው። ያልተቋጨ ጉዳይ ይዞ ነሐሴ የገባ ሰው ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በከፊል ዝግ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ዕረፍት ላይ ናቸው። ግንቦት ላይ ተቀምጦ ቀኖቹን በወረቀት ማስፈርና መፈራረም ይሻላል።

ቀን ብቻ መቁጠር፦ ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። «አንድ ወር አንቺ፣ አንድ ወር እኔ» ሲባል ፍትሐዊ ይመስላል። አባትየው ግን ከየካ አባዶ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት የሚመለስ ከሆነ፣ ልጁ አባቱ ጋር ሳይሆን አራተኛ ፎቅ ላይ ከቴሌቪዥን ጋር ነው የከረመው። ቁልፉ ጎረቤት ጋር ነው፤ ምሳው ጠዋት ተሠርቶ ተከድኗል። ስለዚህ ስትነጋገሩ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ቁጠሩ፤ በየሰዓቱ ቤት ውስጥ የትኛው አዋቂ አለ?

የዓመት ፈቃድም እዚህ ላይ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ሳምንት አለፍ ይላል። አንዱ ሐምሌ ላይ፣ ሌላው ነሐሴ ላይ ቢወጣ ስድስት ሳምንት ይሸፈናል። ሁለቱም ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ካደረጉት ግን ሐምሌን ሙሉ ልጁ ሜዳ ላይ ነው። አያት ካለችም ተመስገን ነው፤ በአባት ተራ የእናትየው እናት ብትጠብቀው ምን ችግር አለው? በዚህ የሚኮራረፉ ሰዎች ይገርሙኛል።

ማታ መገናኛ ላይ መረካከብ፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ የሚሰጣጡበት ቦታ ይጠፋና «መሃል እንገናኝ» ይባላል። በሐምሌ ዝናብ፣ በታክሲ ሰልፍ መሃል ልጁ ቦርሳና ፌስታል ይዞ ይበሰብሳል፤ አንዱ ወላጅ ያረፍዳል፣ በስልክ ይጯጯሃሉ። እሑድ ጠዋት ይሁን፤ አምጪው በር ድረስ ያምጣ። አስም ካለበት መድኃኒቱና የክሊኒክ ካርዱ መጀመሪያ ይታሰሩ።

በዓልን ለወላጅ ብቻ ማካፈል፦ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ልጁ ቱሉ ዲምቱ ከሚኖሩ ጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ሲለማመድ ሰንብቶ፣ የሚያወጣው እሱ ሆኖ ሳለ፣ «ተራዬ ነው» ተብሎ ነሐሴ 12 ቢወሰድ የሚያኮርፈው ወሳጁን ነው። ለቡሄ ተራ ቀይራችሁ በጳጉሜ ብትካካሱ ማንም አይጎዳም።

ከቀለብ መቀነስ፦ «ሐምሌን እኔ ጋር ነበሩ» ብሎ በራስ ውሳኔ ቀለብ መቁረጥ አይቻልም። ፍርድ ቤት የወሰነውን የሚቀይረው ፍርድ ቤት ነው።

ልጅን መልእክተኛ ማድረግ፦ «ለአባትህ ዩኒፎርሙን ይግዛ በለው» የተባለ ልጅ የአዲሱን ዓመት ወጪ እንደ ጥፋቱ ይቆጥረዋል። መመዝገቢያውን፣ ዩኒፎርሙንና ደብተሩን ማን እንደሚችል ግንቦት ላይ በተፈራረማችሁበት ወረቀት ላይ ይግባ፤ የከፈለው ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክ።